ዳገቱ ላይ የቆመችው ፔጆ

ጋሽ ኑርዬ የሞቱት በገዛ መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ቦታው ከአምባሰል ቆላ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው የኮረኮንች ዳገት ወገብ ነበር። መኪናቸው ነጭ ፔጆ 404 ናት። የሐይቅ ከተማ ሰው እኩሌታው በእሷ ተድሯል፣ እኩሌታው ታሞ በእሷ ሐኪም ቤት ደርሷል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሙሽራና የሰው በሽተኛ ስታመላልስ ኖራ፣ ተራው የባለቤቷ የሆነ ዕለት ዳገት ላይ ቆመች። ብረት ይሉኝታ የለውም።

ከዳገቱ በላይ ሲያርሱ የነበሩ ሰዎች ጩኸት ሰምተው ወረዱ። ኮፋኖው ተከፍቷል፤ የሟቹ አማች ባድሩ በኋላ በር በኩል መሬት ላይ ተቀምጦ የሽማግሌውን እግር አቅፏል። «ቆመች» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሳጅን ፈንታሁን ደጋግሞ ቢጠይቀውም፣ ከዚህች ቃል ሌላ ብዙም አልወጣውም።

ሳጅን ፈንታሁን ሰነፍ አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። እሑድ ማለዳ ወደ ዳገቱ ወርዶ ቁልፉን ቢያዞረው ፔጆዋ በአንድ ንክኪ ተነሣች፤ የቀረውን ዳገት ወጥቶ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ድረስ ነዳት። «ቆመች» የተባለው ውሸት ሆነ። ሞተሩ መሐል ደግሞ የሟቹ የአንገት ፎጣ ተወትፎ ተገኘ፤ ጠርዙ ተለብልቧል። ሐኪሙ «ልባቸው ነው የቆመው፤ የደከመ ልብ በራሱም ይቆማል፣ ሰው ቢታፈንም ይቆማል» አለ። በዚያ ላይ ሐሙስ ዕለት ባድሩ በሟቹ ግቢ ውስጥ «አባባ፣ ይህችን ፔጆ ይሽጡና ይታከሙበት፤ አለዚያ እሷው ትጨርስዎታለች!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቷል። ሰው ከሰማው ውስጥ የሚጥመውን ቆርሶ ነው የሚይዘው። ሰኞ ጧት በከተማው የሚወራው «ትጨርስዎታለች» የምትለው ብቻ ነበረች።

በዚያው ሰኞ ተሾመች የምትባል ኢንስፔክተር ከደሴ ተጠርታ መጣች። አርባን ያለፈች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እናቷ ውጫሌ ገበያ ላይ ድስትና ሰሃን ሻጭ ነበሩ፤ ከእሳቸው አንድ አመል ወርሳለች። እጇ የገባውን ዕቃ ገልብጣ ሥሩን ካላየች አታስቀምጥም። ባልደረቦቿ «ሠርግ ቤት ሰሃን ገልብጣ ወጥ አፈሰሰች» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱ እውነት ነው፤ አፍስሳለች።

ባድሩን ያገኘችው ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ የመካኒክ እጅ ነው። ሦስት ጣቶቹ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አየች።

«ጣትህን ምን አገኘው?»

«አቃጠለኝ።»

«ምን?»

ጣቶቹን ሰበሰበ። ከፊቱ ሁለት ብርጭቆ ተቀምጧል። የሻዩ ባዶ ነው፤ የውሃው እንደተቀዳ ነው።

«ውሃ አይጠጣም» አለ ሳጅን ፈንታሁን። «ከቅዳሜ ጀምሮ በሻይ ነው ያለው። አመሉን ሊያሳየን ነው።»

ተሾመች የውሃውን ብርጭቆ ከፍ አድርጋ ሥሩን አየችው፤ ምንም የለበትም።

«ባድሩ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። መኪናዋ ቆማ ኮፋኖውን ስትከፍት ምን አየህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ያየሁት ይቅር እህቴ። የሞተው ሞቷል። ሌላ ሰው ለምን ይጥፋ?»

«ሌላ ሰው ማን?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለቅሶ ቤቱ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙ አይርቅም። ድንኳኑ የሰፈሩ እድር፣ የቅሬው ነው፤ አግዳሚውም፣ ድስቱም፣ ትሪውም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ዕቃውም የሁሉም ስለሆነ፣ የጎደለ ነገር ካለ በስብሰባ ፊት የተረከበው ሰው ስም ይጠራል። በዚያ ሰፈር እንዲያ ከመጠራት እስር ቤት መግባት ሳይሻል አይቀርም።

የሟቹ ልጅ ኢንሳፍ፣ የባድሩ ሚስት፣ ስምንት ወር እርጉዝ ናት። ተሾመችን ወደ ጓዳ ወስዳ በሩን መለስ አደረገችው።

«እህቴ፣ ማልቀሱን እችልበታለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ባድሩ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ልጅ ሲወለድ የአያቱን ነፍስ ባጠፋ ሰው ስም ነው የሚጠራው?»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እኔማ... ከሰው ጋር ስሆን አይደለም እላለሁ። ጋደም ስል ግን ያ ፎጣ ዓይኔ ላይ ይመጣል። ቅዳሜ ቆላ ያለውን ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ እኔ ነኝ አባዬ አንገት ላይ ያደረግኩለት።»

ተሾመች «አብሽሪ» ልትላት ብላ ተወችው። የማታውቀውን ነገር ማጽናኛ ማድረግ አትወድም።

ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ አንዲት ሴት በትሪ ቂጣ አቀረበች። ተሾመች ቂጣውን ለአጠገቧ ሰው አሳልፋ ትሪውን ገለበጠችው። የድሮ ወፍራም አሉሚኒየም ነው። ጠርዙ ላይ በምስማር የተመታ ሦስት ነጥብ አለ፤ የቅሬው ምልክት ነው። አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች በብረት ተደፍነው በመዶሻ ተስተካክለዋል። መሐሉ ላይ ደግሞ አመድም አሸዋም ያላስለቀቀው ቡናማ ቃጠሎ አለ። የእናቷ ልጅ ናትና ገረማት፤ ትሪ እሳት ላይ አይጣድም።

«የቅሬው ዕቃ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» ብላ የሟቹን ሚስት እትዬ ዑምኩልሱምን ጠየቀቻቸው።

«አብደላ ጋ፣ ልጄ። ቁልፉን ከእሱ በቀር የሚይዝ የለም። በፊት ኑርዬ ነበር ጠባቂው፤ አምና ለእሱ አስረከበው። ወንድማማች በላቸው፤ አብረው አድገው አብረው ሸበቱ። ዓርብ ጧት እንኳ መጥቶ፣ ኑርዬ ለጁምዓ እስኪታጠብ ግቢው ውስጥ ሲጠብቀው ነበር።»

«በዚያ ሰሞን መኪናዋ አጠገብ ሌላ የደረሰ ሰው ነበር?»

«መካኒኩ ሙሉጌታ ሐሙስ መጥቶ ኮፋኖ ከፍቶ ሲያያት ነበር። ለሠርግ አከራያታለሁ፣ ሽጡልኝ እያለ ሲለምን ዓመቱ።»

ጋሽ አብደላ ከድንኳኑ ጥግ ተነሥተው መጡ። በገበያው ዳር ድስትና ፋኖስ የሚጠግኑ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«ልጄ፣ ባድሩን ፍቱት» አሉ። «ያ ልጅ ጉንዳን አይረግጥም። ኑርዬ አላህ ይራህመው፣ የተጻፈለት ቀደሩ ደርሶ ነው። የሞተው አንሶ ቤቱ ይፍረስ?»

ተሾመች እጃቸውን አየች። አውራ ጣታቸው ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ።

ማክሰኞ ጧት ሙሉጌታን ጣቢያው ግቢ አስጠራችው። ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ፔጆዋን ሲያይ ዓይኑ የሚንሰፈሰፍ። ኮፋኖውን ከፍቶ በሞተሩ ጎን የተጣበቀች፣ ከክብሪት ፓኮ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን አሳያት።

«ድሮ ፑንቲና ነበራት» አለ። «ለካንዴላ እሳት የምታቀብል ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ ተበልታ ታልቃለች። ባድሩ እሷን አውጥቶ ይህችን ኤሌክትሮኒክ ገጠመላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ 'ሬዲዮ ሞተር ውስጥ አስገባብኝ' ብለው ተቆጡ፤ በኋላ ግን እንደ ልጅ ወደዷት። ጠላቷ አንድ ነው።»

«ምን?»

«ሙቀት። የጭስ መውጫው ቱቦ ይኸው፣ አፍንጫዋ ሥር ነው። ቱቦው ሲግል ሳጥኗ ሥራ ታቆማለች፤ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ስትበርድ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሣለች። በዚህ ስንቱ መካኒክ ውሸታም ተብሏል መሰልዎት!»

ሳጅን ፈንታሁን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ባድሩ ይህን አያውቅም?» አለች ተሾመች።

«ከእኔ በላይ ያውቃል። በቱቦውና በሳጥኗ መሐል ወፍራም አሉሚኒየም ጋሻ አድርጎላት ነበር። አየር እንዲያልፍ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ጣት ክፍተት ትቶ፣ በአራት ሽቦ አስሮ። ሐሙስ አይቼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀንቻለሁ። አሁን ግን የለም።»

አራት የሽቦ ቁራጮች ቀርተዋል። ጫፋቸው ገና አልዛገም።

«መካኒክ አይደለም የቆረጠው» አለ ሙሉጌታ። «መካኒክ ጠምዝዞ ይፈታል፤ ሽቦ አያባክንም።»

«አንተ ሽጡልኝ ስትል ዓመትህ አይደል? አንድ ሁለቴ መንገድ ላይ ብትቆም ይሸጡልህ ነበር።»

ሙሉጌታ ደነገጠ፤ አልተቆጣም። «እኔ እሷን የምወዳት ስትሄድ ነው» አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱም በፔጆዋ ወደ ቆላው ወረዱ። በአስፋልቱና በቁልቁለቱ ምንም አልሆነችም። ሲመለሱ፣ በግንቦት ሐሩር ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ፣ ባድሩ ከቆመበት ኩርባ ልትደርስ ሃምሳ እርምጃ ሲቀራት ተንፈቅፍቃ ጠፋች። ሙሉጌታ ቁልፉን አሥር ጊዜ አዞረ። ምንም። ስልክ አውጥተው አዩ፤ ኔትወርክ የለም።

ተሾመች ሳጥኗን በጣቷ ነክታ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ የሟቹን ፎጣ ከከረጢት አውጥታ ዘረጋችው። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን የዘይት ማኅተም አለ፤ ሳጥኗ ላይ ብታሳርፈው ልክ ገጠመ።

«ፈንታሁን፣ መኪናዋ ውስጥ የውሃ ዕቃ አግኝታችሁ ነበር?»

«ባዶ ሃይላንድ። ሁለት ሊትር የሚይዝ።»

ተሾመች ፎጣውን አጥፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፔጆዋ በአንድ ንክኪ ተነሣች። ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገ።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ከዱዓው በኋላ፣ ተሾመች ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳ ድንኳኑ መሐል ቆመች። እትዬ ዑምኩልሱምና ኢንሳፍ ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ አብደላ በጥጋቸው ናቸው። ሙሉጌታ በር ላይ ቆሟል። ሳጅኑ ባድሩን ያለ ካቴና አስገባው። ኢንሳፍ ባሏን አላየችውም፤ መሬቱን ታያለች።

«ባድሩ አልዋሸም» አለች ተሾመች። «መኪናዋ ቆማለች። ዛሬ እዚያው ቆማ፣ በርዳ ተነሥታለች። እሑድ ማለዳ በአንድ ንክኪ የተነሣችው ሌሊቱን በርዳ ስላደረች ነው። ፎጣው ሰው አላፈነም። ሳጥኗን ለማብረድ ውሃ ነክሮ ጫነባት፤ ማኅተሟ ፎጣው ላይ አለ። ጣቱን ያቃጠለችውም እሷ ናት።»

ድንኳኑ ውስጥ የተያዘ ትንፋሽ ወጣ። ኢንሳፍ ግን አሁንም ቀና አላለችም።

«ሳጥኗን ከሙቀት የሚጋርዳት ጋሻ ነበር፤ ሐሙስ ሙሉጌታ አይቶታል። ቅዳሜ አልነበረም። ባድሩ ኮፋኖውን ከፍቶ መጥፋቱን ሲያይ አንድ ሰው ጠረጠረ፤ ለዚያ ሰው ብሎ አፉን ዘጋ። ማንን ነው የጠረጠርከው?»

ባድሩ ወደ እትዬ ዑምኩልሱም አየ። «እትዬ፣ ይቅር በሉኝ። 'የሰው ዕቃ ሞተር ውስጥ ከታችሁ' እያሉ ሲቆጡ ሰምቼ ነበር። የወሰዱት እርስዎ መስለውኝ...»

«እኔ?» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ ኮፋኖ መክፈት የት አውቄ!»

ተሾመች ትሪውን ከጠረጴዛ አንሥታ ገልብጣ አሳየች። «አራት ሽቦ ነበር፤ አራት ቀዳዳ አለ። ቃጠሎውም ይኸው። ለሦስት ቀን ቂጣ የበላችሁበት ትሪ ነው። ቅዳሜ የቅሬው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ጋሽ አብደላ፣ ይህን የደፈነ ማነው?»

ጋሽ አብደላ ተነሡ። «የቆየ ነው፣ ልጄ። ድሮ የተቀደደ ነው። ከዕቃ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«ጋሽ አብደላ» አለች በቀስታ፣ «ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው። ጥገናው የእርስዎ እጅ ነው። ዓርብ ጧት ግቢው ውስጥ ብቻዎን ነበሩ። ለራስዎ ብለው እንደማይዋሹ አውቃለሁ። ለማን ብለው ነው?»

ሽማግሌው ትሪውን አዩ፣ ባድሩን አዩ፣ የኢንሳፍን ሆድ አዩ። አሁን ገና ነው የገባቸው። እጃቸው የድንኳኑን ምሰሶ ፈለገ።

«ያረቢ... ለኑርዬ ብዬ ነው» አሉ። «ሐሙስ ገበያ አድርሶኝ፣ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሲጨምር ምልክታችንን አየሁት። ሦስቷን ነጥብ የመታኋት እኔ ነኝ። እሑድ ስብሰባ ነበር፤ የጎደለ ይጠራል። የኑርዬ ስም በሰው ፊት ሊጠራ! ምን ልበለው? 'የቅሬ ዕቃ ወሰድክ' ልበለው? በምን አፌ? ጭቃ መከላከያ ነው የመሰለኝ። ቆርጬ ወሰድኩት፣ አቀናሁት፣ ደፈንኩት። ገመናውን ሸፈንኩለት ብዬ፣ ዓርብ ወላሂ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።»

እትዬ ዑምኩልሱም ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አዲስ ትሪ ነው። ጠርዙ ላይ ሦስት ነጥብ ተመትቷል፤ አንዷ ተጣማለች።

«ሞተሩ ውስጥ በገባው ትሪ ፋንታ ሐሙስ ከገበያ ይዞት ገባ» አሉ። «ምልክቱን ራሱ መታው። 'እሑድ አብደላ ሳያየኝ ከዕቃው ጋር እቀላቅለዋለሁ፤ ካወቀ ለእኔ ብሎ ያፍራል' ብሎ ሣቀ።»

ጋሽ አብደላ ትሪውን ተቀብለው የተጣመመችውን ነጥብ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያነሣቸው ባድሩ ነው።

ሳጅን ፈንታሁን ወደ ተሾመች ጠጋ አለ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን ጻፍ። ቅጣቱን እኔና አንተ አንጨምርበትም።»

ኢንሳፍ አሁን ቀና አለች። ዓይኗ ባሏ ላይ ነው። «አባዬ ምን አለ?» አለችው። «መጨረሻ ላይ።»

ባድሩ የተቃጠሉ ጣቶቹን አየ። «'ውሃ ስጠኝ' አሉኝ» አለ። «ግማሹን አፍስሼባት ነበር። የቀረችውን ልስጣቸው ወይስ ሳጥኗን ላብርድ? ከበረደች ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ ብዬ... 'ትንሽ ይቆዩኝ አባባ' አልኳቸው። አፈሰስኩባት። አልተነሣችም። ዞር ስል...»

አልጨረሰውም። ተሾመች ያልተነካውን ብርጭቆ አስታወሰች፤ ዳገቱ ላይ ያወቀችውን ነገር ከሰው አፍ መስማቱ ግን ሌላ ነው። አንገቷን ደፋች።

ኢንሳፍ ሆዷን ደግፋ ተነሣች። ከማሰሮው በኩባያ ውሃ ቀዳችና ባሏ ፊት ቆመች።

«ጠጣ።»

«አልችልም፣ ኢንሳፍ።»

«አባዬን እኔ አውቀዋለሁ» አለች፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። «በመንገድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ካለው፣ መጀመሪያ ለፔጆዋ ነበር የሚሰጠው። አንተ ባትሰጣት ተነሥቶ እሱ ይሰጣት ነበር። ጠጣ።»

ከለቀስተኛው መሐል አንድ ሁለት ሰው ሳያስበው ፈገግ አለ፤ እውነቷን ነበርና። ባድሩ ኩባያውን በተቃጠሉት ጣቶቹ ያዘ። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣው፤ ግማሹን ለጋሽ አብደላ ሊያስተርፍ ፈልጎ እንደነበር ትዝ ያለው ኩባያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ኢንሳፍ ከእጁ ተቀብላ ሌላ ልትቀዳ ወደ ማሰሮው ተመለሰች።